ስለ «ዲቪዥን ዋን»፦ ለመንትዮቹ ከተሞች ወላጆችና ለሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ወላጆች፣ ውድ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ቡና ጠጣ ብሎ ጠራኝ። ሴት ልጁ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ኮሞ ሐይቅ ዙሪያ ከማሯሩጣቸው ልጆች አንዷ ናት። ጓንቷን ሁሌ ትረሳለች፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ሁሉንም ጥላ ትሄዳለች። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አባትየው አንድ ፖስታ አምጥቶ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠ።

«ስማ ወንድሜ፣ ይህችን ልጅ አራት ዓመት በበረዶ ያመላለስኳት ለሦስተኛ ደረጃ ነው?»

ደብዳቤው እዚሁ መንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ነበር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየናቸው። የኮሌጁ ዋጋ አለ። ከእሱ ላይ በትምህርት ውጤቷ ያገኘችው ዕርዳታ ይቀነሳል። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታ ይቀነሳል፤ የስቴቱም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ እንዲከፍል የቀረው ገንዘብ በወር ሲካፈል፣ አባትየው ለመኪናው ከሚከፍለው ብዙም አይበልጥም። አሰልጣኟ ደግሞ በእጅ ጽሑፏ «ቡድናችን ውስጥ ቦታ አለሽ» የሚል ትንሽ ወረቀት አያይዛለች።

አባትየው ግን አንድ ቃል ላይ ቆሞ ቀርቷል። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት በሦስት ምድብ ይከፈላል፤ ኮሌጁ የሚወዳደረው በሦስተኛው፣ በዲቪዥን ስሪ ነው። «ሴንት ቶማስ እንኳ ንቆት ወጥቶ ዲቪዥን ዋን ገብቷል። እሱ የጣለውን ነው ልጄ የምታነሳው?» አለኝ።

ያን ቀን በቂ መልስ አልሰጠሁትም። በሰው ቤት፣ በሰው ልጅ ጉዳይ መከራከር ከበደኝ። «እስቲ አስቡበት» ብዬ ወጣሁ። ለኮሌጁ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ ሜይ 1፣ አለፈ። ልጅቷ የሌላ ኮሌጅ ስልክ ስትጠብቅ በጋው አለቀ። አሁን ከቤቷ እየተመላለሰች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትማራለች። ትምህርቷን ወዳዋለች፤ በሱ አላዝንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም ትመጣለች፣ አሁንም ሁሉንም ጥላ ትሄዳለች፣ ማልያ የምትለብስለት ቡድን ግን የላትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ቀን ሳልናገር የቀረሁትን ለመናገር ነው።

መጀመሪያ ሴንት ቶማስ ምን እንዳደረገ እናውራ። እኛ ሰፈር የሚወራው ግማሹ በጆሮ የተለቀመ ነው። ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሴንት ቶማስ በ1885 የተመሠረተ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰሚት ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ማያክ የሚባለውን የሚኒሶታ ኮሌጆች ሊግ በ1920 ከመሠረቱት አንዱ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ከማካሌስተር፣ ከሀምሊን፣ ከኦግስበርግ፣ ከሴንት ኦላፍ፣ ከሴንት ጆንስ ጋር ሲጫወት ኖረ። ከጊዜ በኋላ ግን በለጣቸው። ተማሪው በዛ፣ አቅሙ ጠነከረ፣ ማሸነፉም ልማድ ሆነ። በ2011 እና በ2016 በወንዶች ቅርጫት ኳስ የዲቪዥን ስሪ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ደግሞ በአሜሪካ ፉትቦል ሴንት ኦላፍን 97 ለ 0 አሸነፈ። 97 ለ 0! የተሸነፉት ልጆች ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ እንዴት ተቀምጠው እንደተመለሱ ሳስብ አሁንም ያመኛል። በሜይ 2019 ሊጉ የፉክክሩ ሚዛን ጠፍቷል በሚል ምክንያት ሴንት ቶማስ እንዲወጣ መወሰኑን አሳወቀ። አብሮ የመሠረተው ቤት መቶ ዓመት ሊሞላው አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

እንግዲህ ጎረቤቴ የሰማውና የሆነው ነገር ይለያያል። ሴንት ቶማስ ዲቪዥን ስሪን ንቆ አልወጣም። አስወጥተውት ነው የወጣው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ወኔ የሚጠይቅ ነገር ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በጁላይ 2020 ፈቀደለትና ከ2021 ጀምሮ በቀጥታ ከዲቪዥን ስሪ ወደ ዲቪዥን ዋን ዘለለ። በዘመናዊው የኤንሲኤኤ ታሪክ እንዲህ በአንድ ጊዜ የዘለለ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። አብዛኛው ስፖርቱ ሰሚት ሊግ ገባ። የበረዶ ሆኪው ሌላ ሊግ፣ ፉትቦሉም ሌላ ሊግ። ሊ እና ፔኒ አንደርሰን የተባሉ ባልና ሚስት 75 ሚሊዮን ዶላር ሰጡና በስማቸው አዲስ አዳራሽ ተሠራ። በኦክቶበር 2025 ተከፈተ። ግንባታውን የተቃወሙ የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ትራፊክ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራክረዋል። እኔ ግራንድ ጎዳና ላይ በአውቶቡስ ሳልፍ ነው የማየው። ማታ ሲበራ ያምራል። ልጆቻችን «የኛ ከተማ ትምህርት ቤት» ብለው ሲኮሩበት ደስ ይለኛል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን እናስተውል። በአገራችን ኳስ አንድ ክለብ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚያድገው ነጥብ ሰብስቦ ነው። ካልቻለ ይወርዳል። ስለዚህ «አንደኛ» ከተባለ አንደኛ ነው፣ «ሁለተኛ» ከተባለ ከሱ በታች ነው። ጭንቅላታችን የተቃኘው በዚህ ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ግን በነጥብ የሚያድግም የሚወርድም የለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ይመርጣል። ያመለክታል፣ ገንዘቡን ያዘጋጃል፣ የሚቀበለው ሊግ ይፈልጋል፣ ዓመታት ይጠብቃል። ዲቪዥን ስሪ ውስጥ ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉ። አብዛኞቹ እዚያ ያሉት ማደግ አቅቷቸው አይደለም። ለስፖርት ተብሎ ስኮላርሺፕ ላለመስጠት፣ ተማሪውን በተማሪነቱ ለመርዳት የመረጡ ናቸው። ቁጥሩ የቤት ቁጥር ነው ብላችሁ ውሰዱት። 3 ቁጥር የሆነ ቤት ከ1 ቁጥር ቤት አያንስም።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ከፍ ማለት ዋጋ አለውና። የሚከፍሉት ደግሞ በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

ሴንት ቶማስ ዲቪዥን ዋን በገባበት የመጀመሪያ ዓመት የወንዶች ሆኪ ቡድኑ 36 ጨዋታ ተጫውቶ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። አንዱን አቻ ወጣ፣ 32ቱን ተሸነፈ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤቱን የመረጡት ዲቪዥን ስሪ ሳለ ነው። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አውቶቡሱ መንገድ ቀየረባቸው። በዚያ ላይ ደንቡ አለ። አዲስ የሚገባ ትምህርት ቤት የመሸጋገሪያ ዓመታት ይጠብቃል። ከዲቪዥን ስሪ ለሚመጣ 5 ዓመት ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ወደ 4 ዝቅ ተደረገ። በእነዚያ ዓመታት ሊጉ ውስጥ ትጫወታለህ እንጂ ብሔራዊው ውድድር ላይ አትገባም።

ይህ በወረቀት ሲነበብ ቀላል ነው። በ2022 የሴንት ቶማስ ፉትቦል ቡድን 10 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያስ? ከዚያ ጫማውን ሰቀለ። ጥሎ ማለፉን ሌሎች ተጫወቱት። በማርች 2025 የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ የሰሚት ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በኦማሃ ተሸነፈ። ቢያሸንፍም ወደ ታላቁ ብሔራዊ ውድድር መሄድ አይችልም ነበር። አስቡት፤ ፍጻሜ ላይ ቆመህ፣ ከፊትህ ያለው ሰው የሚጫወትለት ነገር አለው፣ አንተ ግን የምትጫወተው ለዋንጫውና ለክብርህ ብቻ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሴንት ቶማስ ሙሉ አባል ሆኗል። ከዚህ በኋላ የሚገባ ልጅ ያ በር ተከፍቶለታል። የከፈቱት ግን ሳያልፉበት የተመረቁት ናቸው።

ከዚህ የባሰም አለ። ማሳቹሴትስ ያለው ሜሪማክ ኮሌጅ ከዲቪዥን ቱ ነው የመጣው። በ2023 በወንዶች ቅርጫት ኳስ የሊጉ ፍጻሜ ፌርሊ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲን 67 ለ 66 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። መሸጋገሪያ ላይ ስለነበር ግን ወደ ብሔራዊው ውድድር የሄደው የተሸነፈው ፌርሊ ዲኪንሰን ነው። ሄዶም ዝም ብሎ አልተመለሰም። በውድድሩ በአንደኝነት ከተመደቡት ቡድኖች አንዱን ፐርዱን 63 ለ 58 ጣለ። አገር ጉድ አለ። የሜሪማክ ልጆች ያን ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

አንዳንዱ ደግሞ ዲቪዥን ዋንን በራሱ ፈቃድ ትቷል። ኮነቲከት ያለው የሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማርች 2021 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ብሔራዊ ውድድር ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ዲቪዥን ስሪ ልወርድ ነው አለ። ፔንሲልቬንያ ያለው ሴንት ፍራንሲስም በማርች 2025 ያንኑ ውድድር ተጫውቶ በቀናት ውስጥ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳወቀ። በድል ማግስት ሂሳቡን ቁጭ ብለው ሠርተው፣ ለተማሪያቸው የሚበጀውን የመረጡ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እኔ እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ።

ውድ ወላጆች፣ እናንተን በቀጥታ የሚነካው ግን ይሄ ነው። «ዲቪዥን ዋን ማለት ነጻ ትምህርት ማለት ነው» የሚለው ወሬ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም ሰማሁት፣ ፀጉር ቤትም ሰማሁት። ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም።

ሩጫን እንውሰድ፤ ልጆቻችን የሚበዙት እዚያ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ የዲቪዥን ዋን ኮሌጅ ለወንዶች አገር አቋራጭና ትራክ በአጠቃላይ መስጠት የሚችለው 12.6 ስኮላርሺፕ ነበር። ለሴቶች 18። ይህ ጣሪያው ነው፤ እዚያ የማይደርሱ ሞልተዋል። 12.6ቱ ለሯጩም፣ ለዝላዩም፣ ለውርወራውም ይከፋፈላል። ለሠላሳና ለአርባ ልጅ ስታካፍሉት ለብዙዎቹ የሚደርሳቸው የመጽሐፍና የምግብ ያህል ነው። አንዳንዱ ምንም አያገኝም። ሴንት ቶማስ በፉትቦል የገባበት ፓዮኒር ሊግማ ጭራሽ ዲቪዥን ዋን ሆኖ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም።

በጁን 2025 ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። የፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ስምምነት አጸደቀ። ስምምነቱን የተቀበሉ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ለእነዚሁ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ተነሳ። በምትኩ የቡድን ገደብ መጣ። አገር አቋራጭ 17 ልጅ፣ ቅርጫት ኳስ 15፣ ፉትቦል 105። ጥሩ ይመስላል፤ ለኮከቡ ልጅ ጥሩም ነው። ቡድን ውስጥ 18ኛ የሆነው ልጅስ? ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ፣ «ልሞክር» ብሎ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት አብሮ ተለማምዶ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚፈነዳ ልጅ ነበር። ዎክ ኦን ይሉታል። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ዘግይተው ይጀምራሉ፤ አገሩን ሲለምዱ ነው እግራቸው የሚፈታው።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ። ከአዲስ አበባ ዘጠነኛ ክፍል ሆኖ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። አንድ ከዚህ ራቅ ያለ የዲቪዥን ዋን ኮሌጅ አሰልጣኝ በስልክ «ቦታ አለህ» ብሎት ነበር። እናቱ ለዘመድ አዝማድ ደውላ ተናገረች። ሌሎቹን ኮሌጆች ተዋቸው። በጸደይ ላይ ስልክ ተደወለ፤ «የቡድኑ ቁጥር ስለተቀነሰ ይቅርታ» ተባለ። በአምስት ደቂቃ አለቀ። በእጁ አንድ ወረቀት አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። እናቱ «ጋሼ፣ ማንን ነው የምከሰው?» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። የሚከሰስ የለም። የቃል ተስፋ በዚህ አገር የኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ማንንም አያስርም። የሚያስረው የተፈረመ የዕርዳታ ውል ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ሳታዩ ለዘመድ አትደውሉ፣ ሌላውንም ኮሌጅ አትመልሱ።

ስለ ትምህርቱም ልንገራችሁ፤ ይሄን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ዲቪዥን ዋን ለመጫወት ልጁ ሃይስኩል ውስጥ 16 ዋና ዋና ኮርሶች መጨረስ አለበት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና የመሳሰሉት። ከ16ቱ 10ሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ያለቁ መሆን አለባቸው። የእነዚህ ኮርሶች አማካይ ውጤት ከ2.3 ማነስ የለበትም። አሥረኛ ክፍል ላይ ከአገር ቤት የመጣ ልጅ ግን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቋንቋ በመማር ያሳልፋል። የጀማሪ እንግሊዝኛ ክፍሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ16ቱ አይቆጠሩም። የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕትም ከነትርጉሙ መላክ አለበት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይሮጣል፣ ወረቀቱ ግን አልሞላም። ዲቪዥን ስሪ ውስጥ ይህ የኤንሲኤኤ መስፈርት የለም። ኮሌጁ ራሱ ልጁን አይቶ፣ ታሪኩን ሰምቶ ይቀበላል። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ የትምህርት ቤቱን አማካሪ «ይሄ ኮርስ ከ16ቱ ይቆጠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚሁ ቃል ጠይቁ።

ገንዘቡስ? ኤንሲኤኤ ራሱ እንደሚለው ከዲቪዥን ስሪ ስፖርተኞች 80 ከመቶ ያህሉ በትምህርት ውጤት ወይም በቤተሰብ አቅም ምክንያት ዕርዳታ ያገኛሉ። ይህ ዕርዳታ በሩጫው ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ልጅቷ ጉልበቷን ብትታመም አይቀርባትም። አሰልጣኙ ቢቀየር አይቀርባትም። እኔ በልጄ አይቼዋለሁ። ዲቪዥን ስሪ ነው የሮጠችው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሺን ስፕሊንት የሚሉት የቅልጥም ሕመም ይዟት አንድ ሲዝን ሙሉ ተቀመጠች። ዕርዳታዋ ሳንቲም አልጎደለም። ያን ሲዝን ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳለፈችው፤ ዛሬ ነርስ ናት።

«ታዲያ ትልቅ ሯጭ ከዲቪዥን ስሪ ወጥቶ ያውቃል?» ትሉኛላችሁ። ሞስኮ፣ 2013ን አስታውሱ። የ800 ሜትር ፍጻሜ። ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፍተን ነበር። መሐመድ አማን መጨረሻው ላይ አንድ ነጭ አሜሪካዊ አልፎ በ1፡43.31 ወርቁን ለኢትዮጵያ ሲያመጣ ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ያ ብሩን የወሰደው አሜሪካዊ ኒክ ሲሞንድስ ነው። በ1፡43.55 ነው የገባው። የተማረውና የሮጠው ዊላሜት የሚባል ኦሪገን ውስጥ ያለ ትንሽ የዲቪዥን ስሪ ኮሌጅ ነው። ዓለም ሻምፒዮናችንን እስከ መጨረሻዋ ሜትር ያስጨነቀው ልጅ ጎረቤቴ «ሦስተኛ ደረጃ» ካለው ቤት ነው የወጣው።

ዲቪዥን ዋንን አልጠላም። ልጃችሁ እግሩ ደርሶ፣ ወረቀቱ ሞልቶ፣ ውሉ ተፈርሞ ከመጣ በእልልታ ስደዱት። ኬንታኪ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ኖተርዳም ነው የሮጠው፤ ትልቅ የዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤት ነው። በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ አገኘ። ኤርትራዊው ሀብቶም ሳሙኤል በ2024 ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮጦ በ10,000 ሜትር አንደኛ ወጣ። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው። ልጃችሁን ከነሱ ጋር አታወዳድሩ እንጂ፣ መንገዱ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ የሴንት ቶማስ የስፖርት ክፍል ኃላፊዎች። የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ።

ከቤታችሁ ተባርራችሁ ራሳችሁን ችላችሁ ቆማችኋል። የወንዶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኛችሁ ጆን ታወር የሥነ ልቦና መምህርም መሆናቸውን ሳውቅ ልቤ ሞቀ። ከፍ ብላችሁም አስተማሪነታችሁን አልጣላችሁም ማለት ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር ከእናንተ የሚከብድ አይመስለኝም።

አገር አቋራጭና ትራክ ቡድናችሁ ውስጥ ለዚህ ከተማ ልጆች፣ ያለ ስኮላርሺፕም ቢሆን ለሚሞክሩት፣ ጥቂት ቦታ ያዙልን። በዓመት አንድ ቀን ማንም የከተማው ልጅ መጥቶ ሰዓቱን የሚያሳይበት የሙከራ ቀን አድርጉ። በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ ሃይስኩሎች የኛ ልጆች አገር አቋራጭ ሲሮጡ ዓመታት ሆኗቸዋል። ሩቅ አገር ሄዳችሁ የምትፈልጉት እግር ኮሞ ሐይቅ ዙሪያ አለ።

በየስፖርቱ ስንት ቦታ እንዳለ፣ ስንቱ በገንዘብ፣ ስንቱ ያለ ገንዘብ እንደሆነ በቀላል ቋንቋ ጻፉት። አሰልጣኞቻችሁ በስልክ ቃል ከገቡ በወረቀት ይከተሉት፤ በወረቀት መከተል ካልቻሉ ቃሉን አይግቡ። አንዲት እናት «ቦታ አለው» የሚለውን ቃል ስትሰማ የልጇ ሕይወት የተቃና ይመስላታል። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቃል ነው የምትኖረው።

ሌላው፣ በዓመት አንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ አስተርጓሚ ይዛችሁ ወላጆችን ጥሩ። አዲሱ አዳራሽ ሰፊ ነው። ስለ 16ቱ ኮርሶች፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ጉዳት፣ ስለ ጉዞ ንገሩን። ድሮ ኖርዝፊልድ ድረስ በአውቶቡስ ተጉዘው ማታ ቤታቸው የሚያድሩ ልጆች ዛሬ ለአንድ ጨዋታ ኦክላሆማ፣ ተልሳ ድረስ ይሄዳሉ። ስንት ቀን ከክፍል እንደሚቀሩ ወላጅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዳቦውን እኛ እንጋግራለን፣ ቡናውንም እናፈላለን።

ወላጆች፣ የመጣላችሁን ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ኮሞ ሐይቅ፣ ፓቪሊዮኑ ጋ ነኝ። በረዶም ቢጥል አልቀርም። የምትከፍሉት ነገር የለም። ቁጥሮቹን አብረን እናነባለን፣ ያልገባንን ተደውሎ ይጠየቃል።

ባለፈው ሰኞ ጎረቤቴ ቤት ደግሜ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ያልተናገርኩት ነገር የለም፤ ከላይ የጻፍኩትን በሙሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት አነሳ። ያቺ አሰልጣኝ በእጇ የጻፈችው ነው። ልጅቷ አልጣለችውም ነበር። «ለሚቀጥለው ዓመት በትራንስፈር ይቀበሏት ይሆን?» አለኝ። ማክሰኞ ማታ ሦስታችን ቁጭ ብለን ኢሜይሉን ጻፍን። ልጅቷ ናት የጻፈችው፣ እኛ ፊደል ብቻ አረምን። መልሱን እየጠበቅን ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቅዳሜ ልጆች አሯሯጭና የአንዲት ሯጭ አባት